የአጫጆቹ አንባቢ

ከመጋረጃው ወዲያ ባልና ሚስቱ ያወራሉ። አቶ ቸሩ እንቅልፍ ላይ ያሉ መስሏቸዋል፤ ሽማግሌው ግን ከነቁ ቆይተው የጣሪያውን ቆርቆሮ እያዩ ነበር። «የአባትሽ ጥግ እኮ አራት ሰሌን ይዘረጋበታል» አለ አሸናፊ፣ የልጃቸው ባል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አራት ሰው በየሌሊቱ ሲከፍል አስቢው እንጅ። አዝመራው ካለፈ ማን ሸሕዲ ላይ ሰሌን ይከራያል?» ልጃቸው እፀገነት ቶሎ አልመለሰችም። «የት ይሂዱ ታዲያ?» አለች በመጨረሻ። «ሥራ ይፈልጉዋ። ዘበኝነትም ቢሆን ሥራ ነው። ካልሆነም አገራቸው ወንድም አላቸው አይደል?» እፀገነት እንደገና ዝም አለች። ይኸኛው ዝምታዋ ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም። ሰው ነገሩን ሲቀበል የሚለው ዓይነት ዝም ነበር፤ አባት ናቸውና ለይተው አወቁት።

የድንበሯ ቆላ ከተማ ሸሕዲ በሰሊጥ አጨዳ ወራት የምታድርበት ታጣለች። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚወርደው ወጣት በረንዳውን ሁሉ፣ የነዳጅ ማደያውን አጥር ሥር ሳይቀር ይሞላዋል። በክረምት ዶሮ የማይገባባት ጓዳ በመስከረም ማለቂያ ዋጋ ታወጣለች፤ የአንድ ሰሌን ያንድ ሌሊት ኪራይ ሥጋ ካለው ምሳ ይበልጣል፤ የሚጠጣ ውሃ በጀሪካን ሲሸጥ ሰው ተሰልፎ ይጋፋል። የአሸናፊ ቤት አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው፣ ከውስጥ በማዳበሪያ ጆንያ ተለብጣለች፣ መሃሏን አበባ ያለበት መጋረጃ ይከፍላታል። ከመጋረጃው ወዲህ የአቶ ቸሩ የሽቦ አልጋ አለች፤ ከአልጋዋ ሥር ደግሞ መጻሕፍታቸው ያሉበት የእንጨት ሳጥን። ሙቀቱ ገና ጠዋት ይጀምርና እስኪመሽ አይላቀቅም። አሸናፊ ክፉ ሰው አይደለም። ባጃጅ ይነዳል፤ ሱዳን ከተረበሸ ወዲህ መተማ ዮሐንስ የሚመላለሰው መንገደኛ ቀንሶበታል፤ ቤንዚኑን በሃይላንድ ከመንገድ ዳር በእጥፍ እየገዛ ቤቱን ለማቆም ይታገላል። አቶ ቸሩ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። የከበዳቸውም ማወቃቸው ነው። ሊቆጡት እንኳ ምክንያት አጡ።

ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ። ንጹሑን ሸሚዛቸውን ለበሱ፤ ከሳጥኑ ውስጥ ልባሱ የተገነጠለ፣ ጠርዙ እንደ ቆዳ የወየበ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥተው በፌስታል ጠቀለሉ። እፀገነት ሻይና ዳቦ አቀረበችላቸው፤ ፊታቸውን ግን አላየችም። «ዛሬ ወደ ገበያው ልወጣ ነው» አሉ አቶ ቸሩ፤ «የባለ እርሻው የሐጂ ልጅ ሙኽታር ለአጨዳ ሰው እየጫነ ነው አሉ።»

«እሰይ! ለዘበኝነት ነው?» አለ አሸናፊ ከደጅ፣ የባጃጁን መስታወት እየወለወለ።

«ለንባብ ነው እንጅ።»

አሸናፊ ሚስቱን አያት። እፀገነት አጎንብሳ የሻዩን ብርጭቆ አነሣች፤ አባቷ ገና አልጠጡትም ነበር።

አቶ ቸሩ የሰሊጥ አጫጆች አንባቢ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሥራ ነበረ ቢባል ዛሬ የሚያምን ጥቂት ነው። በጎልማሳነታቸው ከጎጃም የወረዱት እንደማንም ሰው ማጭድ ይዘው፣ የቅኔ ትምህርታቸውን አቋርጠው ነው። አንድ ቀትር ላይ በራኩባው ሥር፣ ሠራተኛው ከፀሐይ በሚጠለልባት የሣር ዳስ፣ ለጓደኞቻቸው ሲያነቡ የእርሻው ባለቤት ሐጂ አብዱልሀኪም ቆመው ሰሟቸው። ሐጂው የገባቸው ነጋዴ ነበሩ። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ካልታጨደ እየተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል። ሠራተኛ ደግሞ ጎረቤት እርሻ ጥቂት ጨምሮ ከጠራው ማጭዱን አንሥቶ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ግን የሐጂው ሠራተኛ አልሄደም፤ ታሪኩ አላለቀማ! ቸሩ የቀትሩን ንባብ ልብ ከሚሰቀልበት ቦታ ሲያደርሱት መጽሐፉን ይዘጋሉ፤ አጫጁ ሁሉ እያጉረመረመ ወደ ሰሊጡ ይመለሳል፤ ከሰዓት በኋላ ማሳው ውስጥ የሚወራው ስለዚያው ነው። ሐጂው ማጭዱን ከእጃቸው ተቀብለው «የአንተ ሥራ ከዛሬ ወዲህ ይኸ ነው» አሏቸው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየአዝመራው የአጫጅ ደመወዝ እየተቀበሉ አነበቡ። የጥንቱን ታሪክ፣ አያቶች ያነበቡትን ልብ ወለድ፣ ሲጠይቋቸውም የቅኔ ፍቺ። ፊደል ያልቆጠረ ጎረምሳ ሙሉ ምዕራፍ በቃሉ ይዞ አገሩ ይገባ ነበር። እፀገነትን ያሳደጉት፣ እናቷንም የቀበሩት በዚያ እንጀራ ነው። ሐጂው ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ሙኽታር ለአባቱ ክብር ሲል ጥቂት አዝመራ ወሰዳቸው። አምና «መኪናው ሞልቷል» ተብለው ቀሩ። መኪናው በእርግጥ ሞልቶ ይሆናል ብለው ራሳቸውን አባብለው ከረሙ።

በዋናው አስፋልት ዳር ሲሄዱ የሳሚያ ሱቅ በር ላይ ቆም አሉ። ሳሚያ መጽሐፍ ታከራይ ነበር። ድሮ ከሱቋ ጀርባ ሦስት ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ ነበራት፤ ተማሪው፣ የጉምሩኩ ሠራተኛ፣ የመኪና ረዳቱ ሳይቀር ተራ እየጠበቀ ይወስድ ነበር። አሁን ግድግዳው ላይ የተደረደረው የስልክ ሽፋን ነው። ከባንኮኒው ፊት ረጅም ጣውላ አጋድማለች፤ ሠራተኛው በየተራ የሚሰካው የስልክ ቻርጅ ገመድ እንደ አንጀት ተጠላልፎበታል።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ቸሩ? ይግቡና ውሃ ይጠጡ፣ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ነደደ» አለቻቸው።

«የቀሩት መጻሕፍት የት ደረሱ ሳሚያ?»

ሳሚያ እያፈረች ወደ ጣውላው እግር ጠቆመች። አንደኛው እግር አጥሮ ኖሮ ከሥሩ አምስት ስድስት መጽሐፍ ተነባብሮ ደግፎታል። ላይኛውን አቶ ቸሩ በጀርባው አወቁት። ሳሚያ ራሷ ልጅ ሆና አልቅሳ ያነበበችው ነበር። «ለትምህርት ቤቱ ልስጥ ብዬ ጠየቅኋቸው» አለች ቶሎ ቶሎ እያለች፤ «ቦታ የለንም አሉኝ። እንደው ውሰዱ ብዬ በር ላይ ባስቀምጥ አንድ ሰው አልነካቸውም። ሰዉ ጊዜ የለውም ጋሽ ቸሩ። እኔስ መች አለኝ? ማታ ቤቴ ስገባ ስልኬን ሳይ እንቅልፍ ይወስደኛል።» አቶ ቸሩ ሊወቅሷት አልነበረም የቆሙት። ውሃውን ጠጡ፣ አመሰገኗት፣ ወጡ። ሲወጡ ፌስታሉን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት።

የሠራተኛው ገበያ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሜዳ ነው። ያን ቀን ሰዉ ለመቁጠር አይመችም፤ ራስ በራስ ላይ ነው። ትራክተሮች ተጎታቻቸውን አስከትለው ዳር ዳሩን ቆመዋል፤ ደላላው የእርሻውን ስምና ደመወዙን ይጮኻል፤ ከአንዱ ተጎታች ላይ የተሰቀለ ስፒከር የሱዳን ዘፈን ይለቃል፤ አቧራው ከናፍጣ ጭስ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይይዛል። አቶ ቸሩ የሙኽታርን ቀይ ትራክተር ፈልገው አገኙት። ከጎኑ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው ባየልኝ ቆሟል። ባየልኝ የዛሬን አያድርገውና አጫጅ ሳለ ንባብ ሲጀመር ከሁሉ ቀድሞ ፊት የሚቀመጥ ልጅ ነበር። አሁን ሆዱ ወጣ ብሏል፤ በእጁ ሜጋፎን ይዟል፤ ድምፁ ከጠዋት ጀምሮ በመጮህ ሻክሯል።

«ውይ የኛ አንባቢ! በሕይወት አሉ?» ብሎ ትከሻ ለትከሻ ሳማቸው። ከዚያ ከትራክተሩ አጠገብ ወደ ቆመው ፒክአፕ ዞረና «ሙኽታር! ዐም ቸሩ መጥተዋል» አለ። በሱዳኖቹ አፍ አጎቴ ማለት ነው፤ ሐጂው ቤት ሲጠሯቸው የኖሩት እንዲያ ነበር።

ሙኽታር ከፒክአፑ ወረደ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ጨበጠ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጃቸው ጠየቀ። አቶ ቸሩ ፌስታሉን ፈተው መጽሐፉን አሳዩት። «ዘንድሮ ይኸን ነው ያሰብሁት» አሉት። «የዳኛውን ታሪክ። አባትህ ከሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር።»

ሙኽታር መጽሐፉን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና መለሰላቸው። «ዐም ቸሩ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አሁን ሁሉም ስልክ አለው። ቀትር ሲሆን ሁሉም በየፊናው ጋደም ብሎ ስልኩን ያያል። አምና ማታ ማታ ጀኔሬተር አስነሥቼ ቻርጅ እንዲያደርጉ ፈቀድሁላቸው፤ አንድም ሠራተኛ ጥሎኝ አልሄደም። እርስዎን ወስጄ ምን ላድርግዎት? ሙቀቱም ከብዷል፣ ወባውም አለ።»

«አንድ ቀን ሰምተውኝ አያውቁም እኮ እነዚህ ልጆች» አሉ አቶ ቸሩ። «ያልሰማ ሰው እንዴት ይወዳል? አንዴ ይስሙኝ። እዚሁ። አሁን።» የገዛ ድምፃቸው ውስጥ ልመና ሲሰሙ ደነገጡ። ሙኽታር ባየልኝን አየው፤ ባየልኝ መሬት መሬት ያያል። «እሺ» አለ ሙኽታር። «ተጎታቹ ላይ ይውጡና ይሞክሩ። ሰው ከሰማዎት እወስድዎታለሁ። ወላሂ እወስድዎታለሁ።»

ባየልኝ በብብታቸው ደግፎ ተጎታቹ ላይ አወጣቸው። መጽሐፉን ገለጡ። መነጽራቸው አንድ ጆሮው በክር የታሰረ ነውና በግራ እጃቸው ደገፍ አድርገው ያዙት። የመጀመሪያውን ገጽ ማየት ግን አላስፈለጋቸውም። «በዚያን ዘመን» አሉ፣ በዚያ ከሆድ በሚወጣ፣ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር በሚያዳርሰው ድምፃቸው፤ «በሀገሩ ላይ ዝናም ከመዝነብ የተከለከለበት፣ ዳኛም ከማድላት የታቀበበት ወራት ነበረ።» አቅራቢያ የነበሩት ዞረው አዩዋቸው። የአቶ ቸሩ ልብ ሞቅ አለው። ቀጠሉ። የዳኛው ወንድም ሰው ገድሎ እንዴት እንደተያዘ፣ የሟቹ እናት እንዴት በአደባባይ ቆማ ደም እንደጠየቀች። አንድ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ «ስንት ነው የሚሉት? ደመወዙ ስንት ነው?» ብሎ ጓደኛውን ጠየቀው። «ስብከት ነው መሰለኝ» አለው ጓደኛው። ሌላው «ዝናም ምንድን ነው?» ሲል ዙሪያው ያለው ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፣ በሙቀት የተሰላቸ ሰው ሳቅ ነው። ከዚያ አንዱ «ዝናም!» ሲል ሌላው «ታቀበ!» ብሎ እየተቀባበሉ መጫወቻ አደረጉት። ሁለት ሦስት ስልክ ወደ ላይ ተዘርግቶ ይቀርጻቸው ጀመር። አቶ ቸሩ አዩ። አይተውም አልቆሙም፤ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ እንጅ። እናቲቱ ለዳኛው የምትናገረው ቦታ ላይ ደርሰው ነበር። ይኸን ሲያነቡ ሐጂው ሻርባቸውን ዓይናቸው ላይ ይጥሉ ነበር። እዚህ ቦታ ሲደርሱ ይሰማሉ ብለው ተማመኑ።

ከሜዳው ማዶ ለራቀ እርሻ ሠራተኛ የሚጭን አንድ ደላላ «አብደራፊ! መቶ ብር ጨምሯል! አብደራፊ!» ብሎ ጮኸ። ፊታቸው የነበረው ሰው ሁሉ፣ የሚስቀውም፣ የሚቀርጸውም፣ ጥጉ ላይ ቆሞ ምናልባት ያዳምጥ የነበረውም፣ ማጭዱን ብብቱ ሥር ወትፎ ባንድ ጊዜ ወደ ማዶው ፈሰሰ። ተጎታቹ ዙሪያ የቀረው አቧራና የተጣለ የውሃ ፕላስቲክ ነው። አቶ ቸሩ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ነበሩ። ዓረፍተ ነገር አቋርጠው አያውቁም። ለባዶው ሜዳ አንብበው ጨረሱትና መጽሐፉን ዘጉ።

ባየልኝ ሊያወርዳቸው እጁን ሲዘረጋ፣ ከማዶው ከሚንጋጋው ሰው መሃል አንድ ሰው ወደ እነሱ እየሮጠ መጣ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ወባ የመጠጠው ቀጭን ሰው ነው፤ ኩታውን በወገቡ አሥሯል። «እርስዎ የሐጂ አብዱልሀኪም አንባቢ አይደሉም?» አላቸው እያለከለከ፤ አነጋገሩ የወሎ ነው። «እንድሪስ እባላለሁ። አያስታውሱኝም። ራኩባው ሥር ከኋላ ነበር የምቀመጥ። ዳኛውን ሲያነቡልን ትኩሳት ጣለኝና ኸመሃሉ ላይ በጋሪ አወጡኝ። ኸዚያ ወዲያ ወዲህ አልተመለስሁም። አሁን ማዶ ሆኜ ድምፅዎን ብሰማ፣ ወላሂ፣ አጥንቴ ነው ያወቀው።»

አቶ ቸሩ የተጎታቹን ጠርዝ ይዘው ቆሙ። «የት ላይ ነው የሄድኸው?»

«እናቲቱ ፍረድልኝ ብላ ስትወድቅ። ዳኛው ተነሥቶ ሲቆም። ይኸው እስተ ዛሬ አገሬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ነው የኖርሁ። ያነበበ ሰው አጣሁ። ለሚስቴ ነግሬያት እሷም ትጠይቀኛለች። ፈረደበት ወይስ ማረው?»

ይኸ ሰው ባለፈው ዘመን ሁሉ ከሰሟቸው ሰዎች መካከል የቀረ አንድ ሰው መሆኑን አቶ ቸሩ ተረዱት። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ሙኽታርን በዓይናቸው ፈለጉት፤ ይህን እንዲያይላቸው። ሙኽታር ፒክአፑ ውስጥ ስልክ እያወራ ነበር። ቶሎ ብለው መጽሐፉን ከመሃል ገለጡ፣ ጣታቸው ገጹን ራሱ አገኘው። «ና፣ ከዚህ ተቀመጥ። ከዚያች ቦታ እስከ ፍርዱ ድረስ ብዙ ነው። ዳኛው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ፣ ለገዛ እናቱ ምን እንዳላት፣ ወንድሙ ደግሞ እስር ቤት ሆኖ የላከበት ቃል አለ። እሱን ሳትሰማ ፍርዱ አይገባህም።»

ማዶ የአብደራፊው ትራክተር ሞተሩን አስነሣ። እንድሪስ ዞሮ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ቦታ ይዤ ነው የመጣሁ። ሊነሣ ነው፣ ጓዜም እዚያው ላይ ነው። በሁለት ቃል ይንገሩኝ የኔታ።»

«በሁለት ቃል አይነገርም።»

«ልጆች አሉኝ፣ ይኸ መኪና ካመለጠኝ ቀኔ ባከነ። ፈረደበት ወይስ ማረው?»

«እንድሪስ፣ ነገሩ እንዲያ አይደለም…»

ትራክተሩ ጡሩምባውን ነፋ። እንድሪስ ወደ ኋላው እየሄደ፣ ዓይኑን ከአቶ ቸሩ ላይ ሳይነቅል እጁን ዘረጋ፤ አንድ ነገር ያቀብሉት ይመስል። አቶ ቸሩ መጽሐፉን ዘጉ።

«ፈረደበት» አሉ።

«እ» አለ እንድሪስ። ራሱን ነቀነቀ። «እኔስ የማረው መስሎኝ ነበር።» ዞሮ ሮጠ። አቶ ቸሩ ቆመው አዩት፤ ተጎታቹ ላይ ሲሰቀል፣ ጓዙን ከሰው እግር ሥር ሲጎትት፣ የሚቀመጥበት ሲያጣ ከአንዱ ጋር ሲጨቃጨቅ። አልዞረም። ዳኛው ከፈረደ በኋላ ካባውን አውልቆ ጥሎ፣ የወንድሙን እጅ ይዞ እስከ መሰቀያው ድረስ አብሮት በእግሩ መሄዱን፣ የሟቹ እናትም ያን አይታ መንገድ ላይ የተናገረችውን እንድሪስ አልሰማም። ያቺ የእናቲቱ ቃል ነበረች መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገችው። አሁን እንድሪስ አገሩ ሲገባ ለሚስቱ «ፈረደበት» ብሎ ይነግራታል፤ እሷም «እ» ትላለች፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ባይነግሩት ይሻል ነበር ብለው አሰቡ። ባይነግሩት እየጠየቀ ይኖር ነበር።

ከተጎታቹ ወርደው ጎማው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ፀሐዩ አናት ላይ ሆነ። ባየልኝ ሊያጽናናቸው ፈልጎ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ሙኽታርም ከመኪናው ወርዶ መጣና ከፊታቸው ቆሞ ራሱን አከከ። እኩለ ቀን አልፎ የእሱ ተጎታች ገና ግማሹም አልሞላም። ባየልኝ ሜጋፎኑን አፉ ላይ አድርጎ ሊጠራ ሲሞክር ሲርሲር የሚል ድምፅ ብቻ ወጣው፤ ሳለና ተወው። ከዚያ ሜጋፎኑን እያገላበጠ አቶ ቸሩን አየ። «የኔታ» አለ ቀስ ብሎ፤ «የእኔ ድምፅ አለቀ። እንደው አንዴ ይጥሩልኝ። ሙኽታር እርሻ፣ በቀን ስምንት መቶ፣ ምግብ ከነወጡ፣ ውሃ በበርሜል፣ ማደሪያ፣ ደርሶ መልስ መኪና። ይኸው ነው።»

አቶ ቸሩ ሜጋፎኑን ተቀበሉት። ለምን እንደተቀበሉት በኋላም አልገባቸውም። ምናልባት ጠዋት ከመጋረጃው ወዲያ የሰሙት ነገር ይሆናል፤ ምናልባት ደግሞ ድምፃቸው ለአንድ ነገር እንኳ ይጠቅም እንደሆነ ለማየት። እንደገና ተጎታቹ ላይ ወጡ። ጠሩ። እንደ ደላላው አልጮኹም፤ ቃሉን እየለዩ፣ እያረፉ፣ እንደሚያነቡት አድርገው ጠሩ። «በቀን ስምንት መቶ» ብለው ትንፋሽ ያዙ። ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሰም አድርጎ «ዝም በል፣ እንስማ» አለው። ስልኩን የሚያየው ቀና አለ፤ የሚስቀው ሳቁን አቆመ፤ ስፒከሩ ያለበት ተጎታች ላይ አንድ ሰው እጁን ልኮ ዘፈኑን ዝቅ አደረገው። «ምግብ ከነወጡ» አሉ አቶ ቸሩ። ያ ሁሉ ሰው፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ አንድ ቃል እንዳያመልጠው ጆሮውን አቅንቶ ሰማቸው። እንዲህ ያለ አድማጭ በሕይወታቸው ኖሯቸው አያውቅም። ጠርተው ሲጨርሱ ሰዉ ባንድ ጊዜ ተግተልትሎ ተጎታቹ ላይ ወጣ፤ ሽማግሌው ተገፍተው እንዳይወድቁ ባየልኝ ከኋላ ወገባቸውን ያዛቸው።

ሙኽታር በጣም ተደሰተ። «ዐም ቸሩ፣ ድምፅዎ ወርቅ ነው! አባቴ ያለ ነገር አልወደደዎትም» አላቸው። «ነገም፣ ከነገ ወዲያም ይምጡ። አዝመራው እስኪያልቅ ከዚሁ ቆመው ይጥሩልኝ። የዘበኛ ደመወዝ አይደለም የምሰጥዎት፣ የካቦ ነው።» አቶ ቸሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። መጽሐፉን በፌስታሉ ጠቀለሉ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሦስት ተጎታች ሞሉለት።

ቤት ሲደርሱ የሽቦ አልጋቸው ወጥታ ከደጅ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተዘርግታ ነበር። ሳጥኑ ከላይዋ ላይ ተቀምጧል። በተከፈተው በር አራት ወጣቶች በአቶ ቸሩ ጥግ ሰሌን ላይ ጋደም ብለው ይታያሉ። አሸናፊ ሊቀበላቸው ፈጠን ብሎ ተነሣ፤ ፊቱ በርቷል። «ሥራ ማግኘትዎን ከገበያ ሰማን! እሰይ! አልጋዎን ነፋስ የሚያገኝ ቦታ አደረግንልዎት፤ ውስጡ እኮ ለእርስዎ አፈና ነበር» አላቸው። የሚቀመጡበትን በእጁ አራገፈላቸው። እንዲህ አክብሯቸው አያውቅም። ጥቂት ቆይቶ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ።

እፀገነት እንጀራ በሽሮ ይዛ መጣችና በጉልበታቸው ላይ ሳህኑን አኖረችላቸው። እሷም ሳጥኑ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱም ወደ መንገዱ ያያሉ። ከጎረቤት የሚጠበስ ሽንኩርት ይሸታል፤ ወደ መተማ የሚሄዱ መኪኖች ተከታትለው ያልፋሉ። «ዛሬ ተጎታቹ ላይ ወጥቼ አነበብሁ» አሉ አቶ ቸሩ። ድምፃቸው ተሰነጣጥቋል። «ሰዉም ጸጥ ብሎ ሰማኝ። እንዲያ ተሰምቼ አላውቅም።»

እፀገነት ቀሚሷ ላይ ያለውን ክር መንቀል ጀመረች። «ገበያ መጥቼ ነበር እኮ አባየ» አለች።

አቶ ቸሩ ጉርሻቸውን ጠቀለሉ።

«ምሳ ይዤልዎት። ጠዋት ሻይዎን ሳይጠጡ ስለነጠቅሁዎት ቅር አለኝ። ሲያነቡ ነው የደረስሁ። ልጆቹ ሲስቁ። አንዱ እየቀረጸ ነበር፣ አጠገቤ ቆሞ።» ቆመች። ድምፅዋ ከቅድሙ ዝቅ አለ። «እኒህ ሽማግሌ ማን ናቸው፣ ያውቋቸዋል ወይ አለኝ። እኔ አላውቃቸውም አልሁት። ምሳውን ይዤ ተመለስሁ።»

ከውስጥ ከወጣቶቹ አንዱ በእንቅልፍ ልቡ አጉረመረመ። አቶ ቸሩ የያዟትን ጉርሻ ወደ አፋቸው አደረጓት። ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ። ልጃቸው ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

«ደግ አደረግሽ» አሏት።